«አንድ ስትሪፕ ስጠኝ»፦ ለቀላል ሕመም ያለ ማዘዣ መድኃኒት ስለ መግዛት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ የባጃጅ አሽከርካሪ ነኝ። ባለቤቴ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በልብስ ስፌት ትሠራለች። የ3 ዓመት ሴት ልጅና የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ለጉንፋን፣ ለራስ ምታት፣ ለተቅማጥ ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄደን ካርድ አውጥተን፣ ተራ ጠብቀን ግማሽ ቀን ከምናጠፋ በቀጥታ ከመድኃኒት ቤት ገዝተን ብንጠቀም ጥፋት አለው? ከሌለውስ የትኞቹን መግዛት እንችላለን? ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጃችን አተኩሷት ከወንድሟ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሰጥተናት ተሻላት፤ ጎረቤታችን ግን ሰምታ ተቆጣችን። ባለቤቴም ወገቧን እያመማት ማስታገሻ ሳትወስድ የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው።

ምላሽ፦ ጥፋት የለውም። ሕጉም ሆነ የሙያው ሥርዓት መድኃኒት ሁሉ በሐኪም ማዘዣ ብቻ ይሰጥ አይሉም። ያለ ማዘዣ ሊሸጡ የሚችሉት ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ካርድ አላወጣም። ሆኖም «የትኞቹን?» ላሉት ጥያቄ የመድኃኒት ስም ደርድሬ ብሰጥዎ የምረዳዎት አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በሐዋሳ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ በቆምኩባቸው ከ15 በላይ ዓመታት ሰው ሲጎዳ ያየሁት በአብዛኛው ስም ጠርቶ ገዝቶ ነው።

ከራሴ ስህተት ልጀምር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መስኮቱ ላይ ሰው ተደራርቦ ሳለ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ የሚሆኑ አባት ጉንጫቸውን በመሐረብ ደግፈው «ዲክሎፌናክ አንድ ስትሪፕ ስጠኝ» አሉኝ። ጥርሳቸውን እንዳመማቸው ከሁኔታቸው ያስታውቃል። ሰጠኋቸው፣ ብሩን ተቀበልኩ፣ ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ልጃቸው ባዶውን ስትሪፕ ይዞ መጣ፤ የአባቱ ሰገራ እንደ ቅጥራን ጠቁሮ፣ አዙሯቸው ወድቀው ሆስፒታል መግባታቸውን ነገረኝ። ለብዙ ዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ ቀድሞም የጨጓራ ቁስለት አለባቸው ተብለው ነበር። እኔ አልጠየቅኳቸውም፤ እርሳቸውም ከጥርስ ሕመም ጋር ጨጓራንና ግፊትን ምን ያገናኘዋል ብለው አልነገሩኝም። አባትዬው ድነው ወጡ። እኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ስም ጠርቶ የመጣን ሰው ሁሉ «ለማን ነው? ምን አመመው?» ሳልል አልሸጥኩም፤ አንዳንዱ ደንበኛ በማያገባኝ የምገባ ሰው አድርጎ ቆጥሮኝ ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት እንደሚሄድ ባውቅም።

ስለዚህ መስኮቱ ላይ ሲደርሱ የመድኃኒቱን ስም ትተው የሕመሙን ሁኔታ ይናገሩ። ሕመምተኛው ማን እንደሆነ፣ ዕድሜው፣ ልጅ ከሆነ ክብደቱ፣ ሕመሙ ከጀመረ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ፣ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ መሆኗ፣ ከዚህ ቀደም መድኃኒት ወስዶ ሰውነቱ አብጦ ወይም ሽፍ ብሎበት እንደሆነ ይናገሩ። ይህ ሁሉ ከ2 ደቂቃ በላይ አይወስድም። ባለሙያው ይህን ሁሉ ነግረውት እርሱ በበኩሉ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅዎ ስትሪፕ ቆርጦ የሚሰጥ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ መድኃኒት ቤት ይሞክሩ። መደርደሪያውን የሚያገላብጠው ወጣት ነጭ ጋውን ስለ ለበሰ ብቻ ባለሙያ አይሆንም፤ የፋርማሲስቱን ወይም የድራጊስቱን ፈቃድ ግድግዳው ላይ ማየት ይችላሉ፣ «ባለሙያውን አነጋግረኝ» ማለትም መብትዎ ነው።

አሁን ወደ ትንሿ ልጅዎ ትኩሳት ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው።

ለሕፃን ትኩሳት ያለ ማዘዣ ሊገዙት የሚችሉት ዋነኛው መድኃኒት ፓራሲታሞል ነው። መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ሲሆን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ መብለጥ የለበትም፣ በሁለቱ መሐልም ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል 6 ሰዓት ሊኖር ይገባል። ልጅዎ 12 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። በአንድ ጊዜ የሚበቃት ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ነው። ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም» የሚል ከሆነ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ተኩል ማለት ነው። ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በሁለት ቦታ ይበላሻል። አንደኛው ማንኪያ ነው፤ የቤት የሻይ ማንኪያ አንዱ 3 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ሌላው 7 ሊይዝ ስለሚችል ከሽሮፑ ጋር የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ፤ ሲሪንጁን ከመድኃኒት ቤቱ ቢጠይቁ በጥቂት ብር ያገኙታል። ሁለተኛውና የከፋው በጠብታ መልክ የሚሸጠው የጨቅላ ሕፃናት ፓራሲታሞል ነው። እርሱ ብዙውን ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የሚይዝ በመሆኑ እናት እንደ ሽሮፑ መስሏት 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጥ ልጅቱ 500 ሚሊ ግራም ዋጠች ማለት ነው፤ ከሚበቃት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ይህ ለሁለት ቀን ቢደጋገም ጉበቷ ይጎዳል፣ ምልክቱም ወዲያው አይታይም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የሚያነቡት መጀመሪያ ስሙን ሳይሆን በስንት ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ይሁን። አስፕሪን ግን ለልጆችዎ በፍጹም አይስጡ።

ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል፤ ትኩሳቱን ያመጣውን ነገር ግን አይነካውም። በሐዋሳ ደግሞ ይህ ልዩነት ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወባ በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ አካባቢዎች የሚተላለፍ ሲሆን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። በእነዚህ ወራት አንድ ልጅ አተኩሶት ፓራሲታሞል ወስዶ በማግስቱ ዳግመኛ ካተኮሰው ሦስተኛውን ቀን አልጠብቅም፤ የወባ ምርመራ አስደርጋለሁ። ከጣት ጠብታ ደም ተወስዶ ውጤቱ ከሰዓት በታች ይታወቃል፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ሳይመረመሩ የወባ መድኃኒት መግዛት ሌላ ጣጣ አለው። በአገራችን በዋናነት ሁለት ዓይነት የወባ ተውሳኮች አሉ፤ ፋልሲፓረም የሚባለውና ቫይቫክስ የሚባለው። ሕክምናቸው ይለያያል፣ ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚመለስ በመሆኑ ለተደበቀው የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለው። ከጎረቤት የተረፈ ኮአርተም ውጦ «ለቀቀኝ» ያለ ሰው ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሲንቀጠቀጥ መስኮቴ ላይ ቆሞ ያየሁት አንድ ሁለት ጊዜ አይደለም።

ትኩሳቱ ከሳል ጋር ከመጣ ደግሞ ምንም የማያስወጣዎት ምርመራ በቤትዎ አለ። ልጅቱ ሳታለቅስና ሳትጠባ ጸጥ ባለች ጊዜ ልብሷን ገልጠው ሆዷና ደረቷ ሲነሣና ሲወርድ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ፤ የስልክዎን ሰዓት ይጠቀሙ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ይህ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል የሳል ሽሮፕ እየፈለጉ ጊዜ አያጥፉ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ደንዝዞ ለመንቃት ካስቸገረ በሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይውጡ። በነገራችን ላይ ባጃጅ ያለው አባት በዚህ ከብዙዎች የተሻለ ዕድል አለው።

ተቅማጥን በተመለከተ ከእኛ ሊገዙ የሚገባዎት በመደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ርካሽ የሆነውን ነው፤ ኦአርኤስን፣ ማለትም በውኃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት። አብዛኛው ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ውኃ በመሆኑ ፓኬቱ ላይ ያለውን አንብበው ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ በተፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ሞልተው ሙሉውን ፓኬት ይጨምሩ። ግማሽ ፓኬት በግማሽ ሊትር እያሉ መክፈል ጨውና ስኳሩን ያዛባል፤ በትንሽ ውኃ ማወፈርም ልጅን ይጎዳል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ለ3 ዓመቷ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከግማሽ እስከ አንድ ሙሉ ብርጭቆ፣ በትንሽ በትንሹ ይስጧት፤ ካስመለሰች 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ከ5 ዓመት በታች በመሆኗ ከኦአርኤሱ ጋር ዚንክ ይጨመርላታል፤ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ነው፣ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አይቋረጥም። ወንድሟ ኦአርኤሱ ይበቃዋል። የሁለቱም ምግብ አይቀነስ።

እዚህ ላይ የማይሆነውንም ልናገር። በከተማችን ተቅማጥ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አሜባን ነው፤ አሜባ ሲያስብ ደግሞ ቲኒዳዞል ወይም ሜትሮኒዳዞል ይጠራል። በተለይ ለሕፃን አብዛኛው ተቅማጥ ከቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ሁለቱም ምንም አይፈይዱለትም፤ አፍ ከማምረርና ከማቅለሽለሽ በቀር። ተቅማጥ የሚያቆመውን ሎፔራማይድን ለልጅ አይስጡ፣ ለአዋቂም ቢሆን ትኩሳት ወይም ደም ካለበት አይወሰድም። ሰገራ ውስጥ ደም ከታየ ግን የእኛ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ የሰገራ ምርመራ ያስፈልጋል።

ጉንፋንን በአጭሩ ላልፈው። በሳምንት ወይም በ10 ቀን በራሱ ይለቃል፤ እኛ የምንሸጠው እስኪለቅ ማስታገሻ ብቻ ነው። ለአፍንጫ ፈሳሽና ለማስነጠስ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ያመጣል። እርስዎ መሪ ይዘው የሚውሉ ሰው ስለሆኑ ማታ እንጂ ቀን አይውሰዱት፤ ሴትሪዚን የሚያመጣው እንቅልፍ ያነሰ ቢሆንም እርሱም የሚያፈዛቸው ሰዎች አሉ። የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ከ5 ቀን በላይ ሲቀጥል አፍንጫውን መልሶ ይዘጋል። ብዙዎቹ «የጉንፋን እንክብል» ተብለው የሚሸጡት ደግሞ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ በላዩ ላይ ሌላ ፓራሲታሞል የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ከቀኑ ልክ ያልፋል፣ ይህም ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ነው። የሳል ሽሮፕ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሸጥም። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ ማታ አንድ ማንኪያ ማር ይሻለዋል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ዳማከሴውን በተመለከተ እናቴም እጇ ውስጥ አሽታ አሽትታኛለች፤ ከዚያ ጋር ጠብ የለኝም፣ ትኩሳቱን ምች ነው ብሎ ምርመራ እስካላዘገየ ድረስ።

ወደ ባለቤትዎ ወገብ ልሂድ። ቀኑን ሙሉ በስፌት ማሽን ላይ አጎንብሶ የሚሠራ ሰው ወገቡና ትከሻው ቢያመው አይገርምም፤ ማስታገሻ ሳትወስድ የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው ማለትዎ ግን አስደንግጦኛል። በመጀመሪያ የምትወስደው ምን እንደሆነ ስሙን ያጣሩ። ፓራሲታሞል ከሆነ ችግሩ ያነሰ ነው። አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ከሆነ ግን በየቀኑ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ውኃ ሳይጠጣ ለሚውል ሰው ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ ወደ መጸዳጃ ላለመመላለስ ብለው ውኃ የማይጠጡ የፋብሪካ ሠራተኞች መስኮቴ ላይ ሲነግሩኝ ሰምቻለሁ። ያለ ሐኪም ምክር አይቡፕሮፌን ለአዋቂ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ምግብ ተበልቶ፣ በቀን ከ3 ጊዜ ሳይበልጥ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይወሰዳል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ጠዋት በባዶ ሆዷ መዋጧ ብቻውን ለጨጓራዋ ሕመም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በጾም ወራት የጨጓራ መድኃኒት ገበያችን ለምን እንደሚደራ ያኔ ይገባኛል። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ በተለይ 5 ወር ከሞላት፣ እነዚህን ሁለቱን በጭራሽ አትውሰድ። ራስ ምታትም ጨምሮባት ከሆነ አንድ ነገር ልጠቁም፤ ተራ ማስታገሻን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል፣ ሕመሙም የሚለቀው መዋጡን ሲያቆም ነው። የወገቧ ሕመም ወደ እግሯ የሚወርድ፣ እግሯን የሚያደነዝዝ ወይም ሽንትና ሰገራ ለመቆጣጠር የሚያስቸግራት ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ይህ ሁሉ ባይኖርም ማስታገሻ ለወራት በየቀኑ የሚያስፈልገው ወገብ ቀላል ሕመም ከሚባለው ወጥቷል።

የጎረቤትዎን ቁጣ በተመለከተ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እውነቷን ነው። አሞክሳሲሊን የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው፤ ለወባ አይሆንም፣ ጉንፋን ለሚያመጣ ቫይረስም አይሆንም። «ሰጥተናት ተሻላት» የሚለው ብዙ ሰው የሚያሳስት ነው፤ በሕፃናት ላይ የሚታይ ትኩሳት አብዛኛው በሁለት ሦስት ቀን በራሱ የሚበርድ በመሆኑ በዚያ ቀን ምንም ቢሰጣት መድኃኒቱ ምስጋናውን ይወስድ ነበር። ለወንድሟ የታዘዘው መጠን በእርሱ ክብደት የተሰላ እንደነበርም ያስታውሱ። ሽሮፑ «ተረፈ» ካሉም ምናልባት እርሱ ሲሻለው ቀኑን ሳይጨርስ ተቋርጦ ይሆናል፤ ያልሞቱት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መልመድ የሚጀምሩት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፣ ነገ በእውነት ሲያስፈልገው አልሠራ ሊል ይችላል። በተጨማሪም በውኃ የተበጠበጠ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ በአብዛኛው ከፍሪጅ ውጭ ከ7 ቀን፣ በፍሪጅ ከ14 ቀን በላይ አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የብርቱካን ሽታ ያለው ፈሳሽ እንጂ የሚታመን መድኃኒት አይደለም። የቀረውን ለልጆቹ አትስጡ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይም አትድፉት፤ መልሰው ለመድኃኒት ቤት ቢሰጡ ከሌሎች የሚወገዱ መድኃኒቶች ጋር ያስወግዱታል።

አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥ የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ በተግባር ግን ይሸጣል። «እኔ ባልሸጥለት ጎኔ ያለው ይሸጥለታል» የሚለውን ቃል ከባልደረቦቼ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩትም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ከራሴ አፍም ወጥቷል። ስለዚህ ወቀሳው ለእርስዎ ብቻ አይደለም። ሆኖም ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲን፣ አሞክሳሲሊን በስማቸው ጠርተው በቀላሉ የሚያገኙበት መድኃኒት ቤት ካለ በሌላውም ነገር አይመኑት። ቆዳ ላይ የሚቀባ ቅባትና የዓይን ጠብታም እንዲሁ ናቸው፤ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ጭርትን ለጊዜው አደብዝዞ ውስጥ ውስጡን ያስፋፋዋል፣ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ደግሞ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ማንም አይጠይቀኝምና። «ሁለት ፍሬ ስጠኝ» ብለው ሲገዙ መቀሱ ብዙውን ጊዜ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የታተመበትን የስትሪፕ ጫፍ መደርደሪያው ላይ ያስቀራል፤ ለእርስዎ የሚደርስዎት ስምም ቀንም የሌለው ብልጭልጭ ቁራጭ ነው። ከመቆረጡ በፊት ጫፉን አሳዩኝ ይበሉ፣ ስሙንና ቀኑን በወረቀት ፖስታው ላይ ያስጽፉ። ቀኑንም ሲያነቡ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። «06/2024» የሚል ጽሑፍ በእኛ ሰኔ 2016 ላይ ያበቃ ማለት ነው፤ 6ኛውን ወር የካቲት፣ ዓመቱንም የእኛ 2024 አድርገው ቢያነቡት ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስልዎታል። በሁለቱ ንባብ መሐል ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ፖስታው ላይ የምንጽፈው «1×3» ደግሞ ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት ጋር ማለት ላይሆን ይችላል። በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድ ከሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን አስጽፈው ይሂዱ። መድኃኒቱንም ባጃጁ ውስጥ አያስቀምጡ። አብዛኛው መድኃኒት ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ የታዘዘ ሲሆን መናኸሪያ አካባቢ ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ መሳቢያ ውስጥ ሙቀቱ ከዚያ በላይ እንደሚሆን ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቁታል።

የግማሽ ቀን ገቢዎ መጥፋቱ ተራ ነገር አይደለም፤ ከቁም ነገር ቆጥሬዋለሁ። ነገር ግን ሒሳቡ ሁልጊዜ ወደ መድኃኒት ቤት አያደላም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ በጤና ጣቢያ በኩል የታከሙበትና ከዚያው ያገኙት መድኃኒት በመድኑ ይሸፈናል፣ ከእኔ በራስዎ ፈቃድ የሚገዙት ግን ከኪስዎ ይወጣል። ለባለቤትዎ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት ከሥራ ሲቀር የመጀመሪያውን 1 ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት ግማሹን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ይህን ለማግኘት የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለባት፣ መድኃኒት ቤት ደግሞ ምንም ያህል ቢያውቃት ይህን ወረቀት ሊሰጣት አይችልም። ስለዚህ ወገቧ ከሥራ ያስቀራት ዕለት ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ መድኃኒቱን ከእኔ ብትገዛም ማዘዣዋንና የሕመም ፈቃዷን ለፋብሪካው ከማስረከቧ በፊት የሁለቱንም ፎቶ ኮፒ ለራሷ ታስቀር።